አሥረኛዋ ደቂቃ

ሙላው ድምፁ አያምርም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ሚስቱ የትምወርቅም ታውቃለች፣ በአሜሪካዋ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በተባለው ጎዳና ላይ ያለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤም ያውቃል። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ጸልይ ሲባል ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቃል ያጥረውና ቶሎ «አሜን» ብሎ ይቀመጣል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ፍሪድሊ በምትባል አጎራባች ከተማ ባለ ፋብሪካ ለልብ ሕክምና የሚውሉ ቀጫጭን ቱቦዎችን በማጉያ መነጽር ሲመረምር ይውላል፤ እዚያም ማንም ብዙ እንዲናገር አይጠብቅበትም።

እሑድ ግን የራሱ ቦታ ነበረው። ከአዳራሹ በስተኋላ አንዲት ጠረጴዛ አለች፤ ላይዋ ላይ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመዝሙሩን ግጥምና የስብከቱን ጥቅስ በትልቁ ስክሪን ላይ የሚያወጣው እሱ ነበር። ከስድስት መቶ የሚበልጡ መዝሙሮችን ከሥራ መልስ እየተቀመጠ በገዛ ጣቱ ጽፏል። ዘማሪዋ የትኛውን ስንኝ ደግማ እንደምትመለስበት ከትንፋሿ ይለያል፤ ሕዝቡ አፉን ሳይከፍት ስንኙ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ድምፅ የሌለው ሰው፣ የሦስት መቶ ሰው ድምፅ በእጁ ነበር።

ላፕቶፑ አንድ ምእመን ሊጥለው ሲል ሙላው ለምኖ የተቀበለው አሮጌ ነው። ዊንዶውሱ እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረው ዩቱብ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ እያቆመ፣ እየመለሰ፣ አሮጌ ማሽን የማይከብደውን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጫነበት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አበሳውን አሳይቶታል። ስብከቱ ረዘም ብሎ አንድ ጥቅስ ስክሪኑ ላይ ሲቆይ ድርግም ይላል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ስክሪኑ በጭራሽ እንዳይጠፋ፣ ማሽኑም እንዳይተኛ አደረገ። አሁንም ድርግም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የማያውቃቸው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ሲያነብ ከቆየ በኋላ ምክንያቱን አገኘው። ለካስ ከሚታየው ሴቲንግ ሥር ሌላ ሰዓት ቆጣሪ ተደብቋል። ማውዙም ኪቦርዱም አሥር ደቂቃ ካልተነካ ስክሪኑን ያጠፋል፤ ላይኛው ሴቲንግ «አታጥፋ» ቢልም እሱ አይሰማም። ሙላው ይህን ቆጣሪ ዝም የሚያሰኙ ሁለት አጫጭር ትእዛዞች ጻፈና ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር በራሳቸው እንዲሠሩ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ አንድም እሑድ ጠፍቶ አያውቅም። ይህንንም ማንም አላወቀለትም። ያልጠፋ ነገርን ማን ያመሰግናል?

እድላዊት ባለፈው መስከረም ከዳላስ መጣች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሠራተኞቹ ኮምፒውተር ሲያስቸግር የምትረዳ ባለሙያ ናት። በመጀመሪያው እሑድ ኋላ መጥታ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ዝማሬው ሲያልቅ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሽ ሙላው፣ ይህን ሁሉ መዝሙር እርስዎ ነዎት የጻፉት? አንድ እንኳ የፊደል ስህተት አላየሁም» አለችው። ዘጠኝ ዓመት ይህን ያለው ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ወደዳት።

በኅዳር ፓስተር ንዋይ የሚዲያ አስተባባሪ አደረጓት። ሙላው ረዳቷ ሆነ። ከግጥሙ በስተጀርባ ድሮ ጥቁር የነበረው ስክሪን ፏፏቴ ይፈስበት፣ ደመና ይንሳፈፍበት ጀመር። አገልግሎቱ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ መተላለፍ ጀመረና አዲስ አበባ ያሉ እናቶች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን በካሜራ እየፈለጉ ማየት ጀመሩ። አንድ እሑድ ፓስተር ንዋይ መድረክ ላይ ሆነው፣ «እኅት እድላዊትን ጌታ ይባርካት፤ ሚዲያችን ገና አሁን ነፍስ ዘራ!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሙላውም አጨበጨበ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ነበር? ሬሳ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ስህተቷን መቁጠር ጀመረ። ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ፣ «ዛሬ አራት ስህተት ጽፋለች። ‹ኃይል›ን በየትኛው ‹ሀ› እንደጻፈችው አየሽ?» ይላል።

«አላየሁም» ትላለች የትምወርቅ፣ «እየዘመርኩ ነበር።»

አንድ ቀን ደግሞ የትምወርቅ ስልኳ ፎቶ አልቀበል ብሏት ኖሮ ከአገልግሎት በኋላ ለእድላዊት ስትሰጣት ከሩቅ አየ። ልጅቷ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አድርጋ መለሰችላት፤ ሁለቱም ሳቁ። ማታ እራት ላይ፣ «ለምን ለእኔ አልሰጠሽኝም?» አለ።

«አጠገቤ ስለነበረች ነዋ።»

«እኔ እኮ ቤትሽ ነው ያለሁት።»

የትምወርቅ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው። «ሙላው፣ በዚህች ልጅ ቀንተሃል እንዴ?» አለችው። እሱም «ምን የሚያስቀና ነገር አላት?» ብሎ ተነሥቶ ሳህኑን አጠበ።

ታኅሣሥ ላይ እድላዊት ወደ እሱ መጣች። «ጋሽ ሙላው፣ ይሄ ሲስተም በጣም አሮጌ ቨርዥን ነው፣ አፕዴት መቀበል ካቆመ ቆየ። መዝሙሮቹን ባክአፕ አድርጌ አዲሱን ልጫንበት ብዬ ነበር፤ ቅር አይልዎትም?»

«እንዳሻሽ።»

«ከእርስዎ ሴቲንግ እንዳይጠፋብኝ ቀድሜ መያዝ ያለብኝ ነገር አለ?»

«የለም» አላት።

በዚያች ሰዓት ሁለቱ ትእዛዞች ትዝ አላሉኝም ብሎ ራሱን ለማሳመን በኋላ ብዙ ጊዜ ሞክሯል። ግን ትዝ ብለውት ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ፓስተር ንዋይ በስብከቱ መሀል አንድ ጥቅስ አስወጥተው ሲያብራሩ ስክሪኑ ድርግም አለ። ቀጥሎ ፕሮጀክተሩ ሰማያዊ ሆነና ኬብል ፈልጉልኝ የሚል ጽሑፍ አወጣ። እድላዊት ማውዙን ነካች፤ ላፕቶፑ የይለፍ ቃል ጠየቃት፣ ጻፈች፤ ፕሮጀክተሩ እስኪነቃ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ፈጀ። ሰዉ ዘወር ዘወር ብሎ አያት፤ በኀፍረት አንገቷን ደፋች። ሙላው አጠገቧ ተቀምጦ የተሰማው ነገር ደስታ ነበር። ትንሽ ነው፣ ግን ደስታ ነው። በሁለተኛው እሑድ ጥቅሱ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሰዓቱን ይዞ ጠበቀ። በአሥረኛዋ ደቂቃ ጠፋ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከስብከቱ ይልቅ የእጅ ሰዓቱን የሚከታተል ሰው ሆነ።

«ድሮም እንዲህ ያደርግ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ስክሪን ብላንኩን ‹ኔቨር›፣ በጭራሽ እንዳይጠፋ አድርጌዋለሁ፤ ማሽኑ እንዳይተኛም ሰስፔንዱን አጥፍቻለሁ። የቀረኝ ነገር ግራ ገባኝ።»

«በእኔ ጊዜ እንዲህ አድርጎ አያውቅም» አላት። ከመጀመሪያው ዓመት በቀር ቃሉ እውነት ነበር።

«ታዲያ ምን ይመስልዎታል?»

«እኔ እንጃ። ኬብሉ ይሆናል።»

ልጅቷ አመነችው። በራሷ ገንዘብ ረጅም ኬብል ገዝታ ቅዳሜ ጠዋት መጣችና መሰላል ላይ ወጥታ፣ የጣሪያውን ሰሌዳ እየገፋች፣ ፀጉሯ አቧራ እስኪለብስ አሮጌውን አውጥታ አዲሱን ዘረጋች። መሰላሉን የያዘላት ሙላው ነበር። ከላይ ሆና፣ «ጌታ ይባርክዎ፣ ብቻዬን ብሆን ወድቄ ነበር» ስትለው ዓይኑን ወደ ወለሉ አደረገ። ንገራት ንገራት የሚል ነገር ጉሮሮው ድረስ መጣ። ወዲያው ደግሞ ፏፏቴው፣ ጭብጨባው፣ «ነፍስ ዘራ» የሚለው ቃል ትዝ አለውና ዋጠው።

ኬብሉ ምንም አልለወጠም። ሰውም ማውራት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ክንዱን ይዘው፣ «በአንተ ጊዜ እኮ እንዲህ አልነበረም» አሉት። ሙላው ይህቺን ዓረፍተ ነገር ይዟት ፍሪድሊ ሄደ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከመነጽሩ ሥር ሲያስባት ሰነበተ። እድላዊት ደግሞ ምክንያቱን ስታጣ አንድ ዘዴ ፈጠረች፤ በስብከት ጊዜ ከወንበሯ ሳትነሣ በየሁለት ደቂቃው ማውዙን ነካ ታደርገዋለች። እንዲህ እያለች ጥርን ጨረሰች።

በየካቲት ጋሽ ኤጀታ አረፉ። ጋሽ ኤጀታ የቤተ ክርስቲያኗ ቫን ሾፌር ነበሩ። ሙላው አሜሪካ በገባበት የመጀመሪያ ክረምት፣ መኪና ሳይኖረው፣ በረዶው እስከ ጉልበት ሲደርስ ቫኑን በሩ ላይ አቁመው ጥሩምባ እየነፉ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ኢብሲቱ ከየአልበሙ መቶ ሃያ ፎቶ መርጠው ለእድላዊት ሰጧት። ቅደም ተከተሉንም ራሳቸው አወጡት። መጀመሪያ የነቀምት ጎረምሳው፣ ቀጥሎ ሠራተኛው፣ ቀጥሎ የልጆች አባት፤ «የሁለታችንን መጨረሻ ላይ አድርጊልኝ» ብለው።

የመታሰቢያው ጸሎት ቅዳሜ ቀትር ላይ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እድላዊት ፎቶዎቹ በየስምንት ሰከንዱ በራሳቸው እንዲቀያየሩ አድርጋ ለቀቀቻቸው፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዝግ ባለ ዜማ አጀባቸው። ሙላው ያን ቀን ከየትምወርቅ ጋር መሀል ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ፎቶ ሲወጣ ሳያስበው የእጅ ሰዓቱን አየ። ከሳምንታት ልምድ የተነሣ ዓይኑ በራሱ ነው የሄደው። ስድስት ሰዓት ከሃያ።

ስምንት ደቂቃ ያህል እንደሄደ መድረኩ ላይ ያለው ማይክ መንጫረር ጀመረ፤ ቀጥሎ ተናጋሪው የጋሽ ኤጀታ ወንድም ነበር። እድላዊት ከወንበሯ ተነሥታ በጎን በኩል ወደ ፊት ሄደች። ሙላው ባዶውን ወንበር ዞር ብሎ አየው። ማውዙን የሚነካ ማንም የለም። ፎቶዎቹ በራሳቸው ይቀያየራሉ እንጂ ሰው ነክቷቸው አይደለምና ቆጣሪው እየቆጠረ ነው። ጠረጴዛው ከእሱ አሥራ አምስት እርምጃ አይርቅም። ዘጠነኛው ደቂቃ። «ትመለሳለች» አለ በልቡ። ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ ነበር፣ ኋላ ላይ ለማንም ለመናገር የከበደው፤ «ይጥፋባት» የሚል።

ጠፋ።

ስክሪኑ ጨለመ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። ዜማው ትንሽ ቀጥሎ ቆመ። በዝምታው መሀል እትዬ ኢብሲቱ ከፊት ወንበር ተነሥተው ወደ ስክሪኑ እጃቸውን ዘረጉ። «የት ሄደ?» አሉ። «ምን ሆነ? የት ሄደ?»

ሙላው ያን ጊዜ ነው የተነሣው። የሰው ጉልበት እየገፋ ሲደርስ እድላዊትም ሮጣ ደርሳ የይለፍ ቃሉን ትጽፋለች፤ ማሽኑ ግን አልቀበል አላት። ደግማ ጻፈች። 

«ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው» አላት። ወደ እንግሊዝኛ ቀየረው፤ ቃሉን ጻፈችና ተከፈተ። ፕሮጀክተሩ እስኪነቃ ድረስ ሙላው ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ሁለቱን መስመሮች በቃሉ ጻፈ። ለማሰብ አላቆመም፣ ምንም ወረቀት አላየም። እድላዊት ስክሪኑን ሳይሆን ጣቶቹን ነበር የምታየው።

ፎቶዎቹ ተመለሱ። ግን ስክሪኑ ጨልሞ ሳለም ከውስጥ መቀያየራቸውን አላቆሙም ነበር፤ አሥራ አንዱ በጨለማ አልፈዋል። እትዬ ኢብሲቱ ቀስ ብለው ተቀመጡና ለልጃቸው አንድ ነገር በኦሮምኛ ሹክ አሉ። ሙላው ቃሉን ባይሰማም ገባው። የሠርጋቸው አልፎ ነበር።

ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ፓስተር ንዋይ በማይክ፣ «ወንድም ሙላው ባይኖር ዛሬ ምን ይውጠን ነበር!» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁለት። ከኅዳር ጀምሮ የተመኘው ይህን ነበር። አሁን ሲመጣ ጃኬቱን ለብሶ መውጣት ብቻ አማረው።

እድላዊት መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰችበት። ካፖርትም አልደረበችም።

«ሁለት መስመር ነው» አለች።

«አዎ።»

«ኬብሉን ስቀይር መሰላሉን ይዘውልኝ ነበር። ያን ጊዜም ያውቁት ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«ለምን?»

ሙላው ሊያለሳልሰው ቃል ፈለገ፤ እንደ ልማዱ አጠረው። «ቀናሁብሽ» አላት።

 የከተማው ባቡር እየደወለ በአቬኑው ላይ አለፈ። «እኔ ኋላ የተቀመጥኩት እዚህ ከተማ ሰው ስለማላውቅ ነው» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ዝም ያሉ ሰው ስለሆኑ ከእርስዎ ጋር መቀመጥ ቀለለኝ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።» ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ለፓስተር አልናገርም። እትዬ ኢብሲቱን ግን እርስዎ ይንገሯቸው።»

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ ዌስት ሴንት ፖል ነዳ። እትዬ ኢብሲቱ ከሮበርት ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ነው የሚኖሩት። ብቻቸውን አገኛቸው። ሻይ አቀረቡለት። እሱም ሳይጠጣው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሰዓት ቆጣሪውን፣ «የለም» ያለውን፣ ኬብሉን፣ ዘጠነኛዋን ደቂቃ፣ «ይጥፋባት» ያለውንም።

እትዬ ኢብሲቱም፣ «ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር» አሉት። «ማሽን ነው፣ ማሽን ይበላሻል ብዬ ተጽናንቼ ነበር። አሁን የሰው ሥራ አደረግከው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«እሱን ቆይ።» ሻዩን ከእጁ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ያለፉት ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«አምጣና አሳየኝ።»

ፎቶዎቹ ግን እሱ ጋ አልነበሩም። እድላዊት ጋ መደወል ነበረበት። ስልኩን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ደወለ። ምን እንደሚፈልግ ሲነግራት «እሺ» ብቻ አለች፤ ብዙ ሳይቆይ ፎቶዎቹ በስልኩ ደረሱ። ከመኪናው የራሱን ላፕቶፕ አምጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። እሱም ላይ ያው ሊኑክስ ነበርና ሁለቱን መስመሮች ጻፈ። ከዚያ የመጀመሪያውን ፎቶ አወጣ።

ጋሽ ኤጀታ በሰፊ ከረባት፣ እትዬ ኢብሲቱ በነጭ ቀሚስ፣ ሁለቱም ሳይስቁ ቆመዋል። እትዬ ኢብሲቱ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳብ አደረጉ። «ይሄ ጫማ የሱ አይደለም» አሉ፣ «ከአጎቱ ልጅ ተውሶት ነው፤ ጠብቦት ቀኑን ሙሉ ሲያነክስ ዋለ።» ሙላው ወደሚቀጥለው ሊያልፍ እጁን ሲያነሣ «ቆይ» አሉት። ቆየ። ስለ ጫማው ነገሩት፣ ስለ ፎቶ አንሺው፣ ስለ ዘነበው ዝናብ። አንዷ ፎቶ ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጀች። ሙላው አንድም ጊዜ ሰዓቱን አላየም። አሥራ አንደኛዋ ላይ ሲደርሱ ውጭው ጨልሞ የትምወርቅ ሁለት ጊዜ ደውላለት ነበር። ሲወጣ እትዬ ኢብሲቱ ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላሉትም። «ቅዳሜ ብቅ በል፤ የነቀምቶቹን ደግሞ እናያለን» አሉት።

አሁን እሱና እድላዊት በየተራ ነው የሚያገለግሉት፤ አንድ እሑድ እሷ፣ አንድ እሑድ እሱ። የፊደል ስህተቷን ዛሬም ያያል፤ ልዩነቱ ከእሑድ በፊት በቴክስት ይልክላታል፣ እሷም ታርማለች። ፏፏቴው እንደፈሰሰ ነው። ሕዝቡ ሲያመሰግናት አንጀቱን ቆንጠጥ የሚያደርገው ነገርም ጨርሶ አልለቀቀውም።

ባለፈው እሑድ መኪና ውስጥ፣ «ዛሬም ቀናሁ» አላት ለየትምወርቅ።

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«ሄጄ ነገርኳት።»

«አበድክ? ምን አለችህ?»

«ሳቀች። የሚቀጥለውን መዝሙር የጀርባ ምስል አንተ ምረጥ ብላ ማውዙን ሰጠችኝ።»

«አንተ አለችህ?»

«አዎ» አለ ሙላው፣ መኪናውን ወደ ቤታቸው እያጠፈ። «ከተጣላን በኋላ አንቱታው ቀረ።»